በሁለት ዘበኞች መሀል

መካኒኩ ዘይት ሊቀይር ጉድጓዱ ውስጥ ሲወርድ የረገጠው ሲሚንቶ ሳይሆን የሰው ደረት ነበር። ከጓደኞቹ አንዱ ተኝቶ መስሎት «ተነስ አንተ! ቤትህ አልጋ የለህም?» ብሎ ጮኸ። ባትሪውን ሲያበራ ግን ሰውየው ፊት አልነበረውም። እየተንደረደረ ሊወጣ ሲል ጭንቅላቱ ከአውቶቡሱ ሆድ ጋር ተላትሞ ተፈነከተ። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ጋራዡ ውስጥ በደም የተነከሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ብቻ ይተነፍሳል።

ኢንስፔክተሯ ወደ ሃምሳ የተጠጋች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ያም ሆኖ ሳጅኑን «አንተ ላይ ሆነህ ሰው አባርር» ብላው በብረት መሰላሉ ራሷ ወረደች። ሟቹ በጀርባው ተንጋሏል። ግንባሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ መንጋጋው ከቦታው ወጥቷል። አንድ ጊዜ የተመታ ሰው አልነበረም። የመታው ሰው ከሞተም በኋላ አላቆመም። ከእግሩ ስር ረጅም የጎማ መፍቻ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ፀጉር ተጣብቆበታል፤ እጀታው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል።

«ማን ነው?» አለች ወደ ላይ አንጋጣ።

መልስ የሰጣት ከጉድጓዱ አፋፍ የተንበረከከ ሽማግሌ ነበር። ንጹሕ ቱታ ለብሷል፤ መነጽሩ በእንባ ደብዝዟል። «ዳይሬክተራችን ነው። ያቺን ቆራጣ ጣቱን አያት። እኔና እሱ አብረን መካኒክ ሳለን ሰንሰለት የበላት ናት።»

ይህ የጋራዡ ኃላፊ ነው። የሞተ ሞተር ያስነሳል እየተባለ ሠራተኛው ሁሉ «ሐኪሙ» ይለዋል።

«መፍቻው የእናንተ ነው ጋሼ?»

ሐኪሙ አንገቱን ዘርግቶ አየ። «የእኛ ዕቃ ቢጫ ነው። ይሄ የሰማያዊዎቹ ነው» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ቢጫና ሰማያዊ ማለት በዚያ ከተማ ሁለት ጠላት ማለት ነው። ቢጫዎቹ አውቶቡሶች መሀል ከተማውን፣ ሰማያዊዎቹ ደግሞ የዳርቻ ሰፈሮቹን ያመላልሳሉ። ጋራዣቸው ጎን ለጎን ነው፤ በመሀል ረጅም ግንብ ቆሟል። ተሳፋሪው ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ ለመሳፈር እንደገና ተሰልፎ፣ እንደገና ትኬት ይቆርጣል። በመጪው ሐሙስ ግን ሁለቱ ድርጅቶች በአንድ የጋራ ቦርድ ስር ሊጠቃለሉ ነበር። የሐሳቡ አባት ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ሰውዬ ነው። አውቶቡስ የሚያሳልፍ ክፍተት በግንቡ ውስጥ ያስከፈተውም እሱ ነው፤ የጡቡ ፍርስራሽ ገና አልተነሳም።

የቢጫው በር ዘበኛ ጢሙ የሸበተ፣ ከተጠየቀው በላይ የሚያወራ ሰው ነው።

«ትናንት ሠራተኛው ሁሉ ወጣ። ሐኪሙም በመኪናቸው ወጡ፤ እጃቸውን አውለብልበውልኛል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዳይሬክተሩ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። ‹ትንሽ የማየው ነገር አለኝ› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ በዚህ በር ዝንብ አልገባም።»

«ሳይወጡ ሲቀሩ ምን አሰብክ ጋሼ?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «አንዳንዴ ቢሯቸው ያድራሉ። በተለይ ይሄ የቦርድ ጣጣ ከመጣ ወዲህ።»

ሳጅኑ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሁልጊዜ የሚርበው ወጣት ነው። ግንቡ ላይ የተከፈተውን ክፍተት በአገጩ አሳያትና «በዚህ ካልገባ በዚያ ገብቷል። መፍቻውም የእነሱ ነው። ምን ያደክመናል ኢንስፔክተር?» አላት።

«መፍቻውን ጥሎልን መሄዱ ደግነቱ ነው?» አለችው።

ቢሆንም ሠራተኛው ሁሉ የሚጠራው አንድ ስም ነበር። መብረቅ። የሰማያዊዎቹ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ ራሱም ሾፌር ነው። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ወንበር አንስቶ ዳይሬክተሩ ላይ ወርውሯል። «እኛን ከነሱ ጋር የሚቀላቅል ሰው ጎማ ስር ነው የሚገባው!» ሲል አዳራሹ ሙሉ ሰምቷል።

አውቶቡሱ መሪ ላይ አገኙት። ድምፁ ከአካሉ የገዘፈ፣ ቀጭን ሰው ነው።

«ወንበር ወርውሬያለሁ። ሰው አልገደልኩም» አላቸው።

«ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ የት ነበርክ?»

መብረቅ ከጀርባው የቆሙትን ሰማያዊ ሾፌሮች ዞር ብሎ አየ።

«አልናገርም።»

«ሰውዬ፣ በነፍስ ግድያ ነው እኮ የምትጠየቀው!»

«እሰሩኝ። አልናገርም አልኩ።»

ሳጅኑ ካቴናውን ሲያወጣ ከግንቡ በኩል ጩኸት ተሰማ። ቢጫዎቹ ወሬው ደርሷቸዋል። በክፍተቱ እየተጋፉ፣ ብረትና ሰንሰለት ይዘው ጎረፉ። «ገዳይ! አውጡልን!» ሰማያዊዎቹም ያገኙትን አነሱ። ኢንስፔክተሯ እጇን ዘርግታ መሀል ስትገባ አንዱ በክርኑ ደረቷን ብሎ አውቶቡስ ላይ አጣበቃት። አንድ ሾፌር አፉን ይዞ ወደቀ፤ በጣቶቹ መሀል ደም ፈሰሰ። አንድ መካኒክ እጁ ከክርኑ በታች ወደ ኋላ ታጥፎ እንደ ሕፃን ይጮሃል። መብረቅን ከመሪው ጎትተው አወረዱት፤ ጫማ ነው የዘነበበት። ሳጅኑ ላዩ ላይ ተኝቶ ባይሸፍነው ኖሮ እዚያው ያልቅለት ነበር። ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ ከተተኮሰ በኋላ ነው ግቢው የበረደው።

ክሊኒክ ውስጥ የመብረቅ ፊት እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ኢንስፔክተሯ ሁሉንም አስወጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የፊት ጥርሶችህ አልቀዋል» አለችው። «እንግዲህ የምትደብቀው ነገር ከጥርስ ይበልጣል ማለት ነው። ሴት ነው?»

ሊስቅ ሞከረ፤ አመመው። «ሴት ናት። ግን እንዳሰብሽው አይደለም።» ከንፈሩን በፎጣ ጠረገ። «የቢጫዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ቤት ነበርኩ። እሷ፣ ባሏና እኔ። እስኪመሽ ተቀምጠን ተስማማን። ቦርዱ ላይ ለሠራተኛው ሁለት ወንበር ይሰጠዋል፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእኔ። አቤት እሷን ያወቅኩበት ድርድር!»

«ታዲያ ለምንድን ነው በአደባባይ ቦርዱ ይፍረስ የምትለው?»

«ካልጮህኩ ሁለተኛውን ወንበር ማን ይሰጠኝ ነበር?» አላት። «ልጆቹ ግን ይሄን አይረዱም። ዛሬ ቢጫዎቹ ገዳይ ብለው ደበደቡኝ፤ ይታገሡታል። የገዛ ሰዎቼ ሸጠን ብለው የደበደቡኝ ቀን ግን ሰፈሬ መኖር አልችልም። ሚስቴም አታውቅም። እባክሽ እህቴ፣ እስከ ሐሙስ ያዢልኝ።»

ሊቀመንበሯ በስልክ ተጠየቀች፤ ተንተባተበች፤ ቆይታም ሁሉንም አመነች። ባሏም እንዲሁ። መብረቅ ነጻ ወጣ፤ ምርመራው ደግሞ ባዶውን ቀረ።

ሐኪም ቤት ሬሳውን የመረመረው ዶክተር ግን አንድ ነገር አሳያት። የሟቹ ኮት ጀርባው በጥቁር ዘይት ርሷል። ፊት ለፊቱ ግን አንድ ጠብታ ዘይት የለበትም። የሱሪው ጉልበቶች፣ ክርኖቹና መዳፎቹ በቀይ አፈር ተለውሰዋል፤ ፀጉሩ ውስጥ የዝገት ፍርፋሪ አለ።

«ጉድጓዱ ሲሚንቶ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እኔ ጉድጓዱን አላየሁም። ይሄ ሰው ከመሞቱ በፊት የሆነ ዝገት ያለበት ነገር ስር በጉልበቱና በክርኑ ድሆ ገብቷል፤ እሱን ነው የምነግርሽ» አላት ዶክተሩ።

ሳጅኑ ደግሞ የሟቹን ስልክ አስከፍቶ መጣ። የመጨረሻ የደወለው ለሚስቱ ወይም ለቢሮው አልነበረም። ከከተማው ጫፍ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ለምትኖር ልብስ ሰፊ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። «ፖሊስ ነን» ሲሏት ዕቃዋን ሊያወጡባት የመጡ ይመስል ወደ ጎን ቆመችላቸው። ከመስኮቱ አንዱ መስታወት ተሰብሯል፤ በካርቶን ተደፍኗል። ትንሽ ልጇ ጉንጯ ተቧጭሮ ጥግ ላይ የቤት ሥራ ትሠራለች።

«ማን ነው የቧጨራት?» አለ ሳጅኑ።

«ትምህርት ቤት። ‹የነፍሰ ገዳይ ልጅ› ሲሏት ዝም አትልም» አለች እናትየው።

ኢንስፔክተሯ ያኔ አስታወሰች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቢጫ አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ አምልጦ ገበያ ውስጥ ገብቷል፤ ዘጠኝ ሰው ገድሏል፤ ሾፌሩም አልተረፈም። «ሾፌሩ ሲበር ነበር» ተባለ። የዚህች ሴት ባል ነው።

«ዳይሬክተሩ ለምን ደወለልሽ?»

መቀሷን አንስታ መልሳ አስቀመጠች። «‹ባልሽን በድለነዋል። ሐሙስ ቦርዱ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ አንቺም ነይ› አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ያኔ ‹ሲበር ነበር› ብሎ በራዲዮ የተናገረው እሱ ነው። ‹አፈር ብላ› አልኩትና ዘጋሁበት።» ወደ ስፌቷ ጎንበስ አለች። «በላ አይደል?»

ኢንስፔክተሯ ስትመለስ የቢጫው ግቢ ጸጥ ብሏል። ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ነው፤ ከኋላ፣ ከግንቡ ጥግ ካለው ቦታ በቀር። እዚያ መሬቱ ቀይ አፈር ነው፤ በሸራ የተሸፈነ አንድ ትልቅ ነገር ቆሟል። ሳጅኑ ሸራውን ገፈፈው። የፊት ገጹ የተጨፈለቀ አውቶቡስ።

«ይሄን እስካሁን አልጣሉትም?» አለ።

ጠዋት የተፈነከተው መካኒክ ግቢው ውስጥ ነበር፤ ጠሩት።

«ሊጣል ነበር» አላቸው። «ግን ከመቀላቀላችን በፊት የሁለቱንም ወገን መኪና፣ ቁርጥራጩም ሳይቀር፣ አብረን እንድናይ ዳይሬክተሩ አዘዙ። ሰማያዊዎቹ መካኒኮች ይሄንንም ካላየን ሲሉ ሐኪሙ ‹ለሬሳ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል› ብለው ከለከሉ። በዚህ ተጨቃጭቀው ነበር።»

«አደጋው የደረሰ ጊዜ ማን መረመረው?»

«ሐኪሙ ራሳቸው።»

ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን እየረገመች በእንብርክኳ ከአውቶቡሱ ስር ገባች። አፈሩ ከአውቶቡሱ ጠርዝ ዘንድ በእግር ተገልብጧል። ጣቷን ስትሰድ ከስር ረጠብ ያለ ጥቁር ነገር ነካች፤ አሸተተችው። ደም ነው። ከዚያ ባትሪዋን ወደ ላይ አበራች። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ እንደ ሌላው ሁሉ ዝጓል፤ ጫፉ ላይ ግን አንድ ስንዝር ያህል ጎድሏል። የተቆረጠበት ቦታ ዝገት አልነካውም፤ እንደ ብር ያበራል።

መካኒኩ ከጎኗ ተጋድሞ አየና ከንፈሩን ነከሰ።

«ይሄ አሁን በቅርቡ ነው የተቆረጠው» አለ። «እዚህ ቦታ ላይ የሚቆረጥ ነገር... መለዋወጫ ሲጠፋ የሚያፈስ ቱቦ ውስጥ ብሎን ከተው የሚደፍኑ አሉ። መኪናው ይሄዳል። ያ ጎማ ግን ፍሬን የለውም።»

«ቁልቁለት ላይስ?»

መካኒኩ በጀርባው እየተንሸራተተ ከስር ወጣ።

ኢንስፔክተሯ ተነስታ በክፍተቱ አልፋ ወደ ሰማያዊው በር ሄደች። ዘበኛው ወጣት ነው፤ ራዲዮ ያዳምጣል።

«ትናንት ማታ ገደማ ከቢጫዎቹ ሰዎች በዚህ በር የገባ አለ?»

«ሐኪሙ ገቡ። ‹መነጽሬን ረስቼ› አሉኝ። በኛ በኩል ለመኪናቸው ይቀርባቸዋል።»

ሳጅኑ በመገረም አፉን ከፈተ። «ታዲያ እስካሁን ምነው አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? ጠዋት ስትመጡ ቢጫውን ዘበኛ ጠየቃችሁ። ኋላም ስትመጡ መብረቅን ፈለጋችሁ» አለ ልጁ ቅር ብሎት። «ከዚያኛው ዘበኛ ጋር ደግሞ እኛ አንነጋገርም። ቦርዱ ሲመጣ ነው አለቃችን አንድ የሚሆነው።»

«ሲገቡ በእጃቸው የያዙት ነበር?»

«ሲገቡ ባዶ እጃቸውን ናቸው። በኛ ዕቃ ቤት በኩል ነው ያለፉት። ሲወጡ ቱታቸውን ጠቅልለው ይዘዋል።»

ሐኪሙን ያገኙት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሞተሩ በሚንቀጠቀጥ አንድ ቢጫ አውቶቡስ አጠገብ ነው። ጆሮውን ሞተሩ ላይ ደቅኖ ያዳምጣል።

«ጋሼ፣ መነጽርዎን አገኙት?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

ቀና አለ። ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። እጁ ብቻ የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ገባች።

«የትኛውን መነጽር?»

«ትናንት በሰማያዊው በር ተመልሰው የፈለጉትን። ከቱቦው የቆረጡትንስ ብሎን የት ጣሉት?»

ሳጅኑ አንድ እርምጃ ሲጠጋ ብረቱ ከሳጥኑ ወጣ። የሽማግሌ ምት አልነበረም። የሳጅኑ ክንድ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ግቢው ሁሉ ሰማ። ሁለተኛው ምት ለኢንስፔክተሯ ነበር፤ ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ሸርክቷት አለፈ፤ ወደቀች። ሐኪሙ አውቶቡሱ ላይ ዘሎ ወጥቶ ማርሽ አስገባ። አንድ መካኒክ በሩን ይዞ ተንጠለጠለ፤ ሐኪሙ በእግሩ ደረቱን ብሎ አራገፈው። አውቶቡሱ የጡቡን ክምር እየደረመሰ በክፍተቱ ወደ ሰማያዊው ግቢ ተወረወረ።

ከዚያ ወገን መብረቅ ከክሊኒክ ተመልሶ፣ ፊቱ እንደታሰረ መኪናው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰው ሲበታተን አየ። ለምን እንደሆነ አላወቀም፤ ቢጫ አውቶቡስ ሰዎቹ ላይ እየመጣ መሆኑ ብቻ ገባው። ሞተሩን አስነስቶ መኪናውን መንገዱ ላይ አጋደመው። ሁለቱ አውቶቡሶች ሲላተሙ የመስታወቱ ዝናብ እስከ ዘበኛው ጎጆ ደረሰ።

ሐኪሙን በተሰበረው መስታወት ጎትተው አወጡት፤ ቢጫውም ሰማያዊውም። አሁን የቀለም ልዩነት አልነበረም። በቡጢ፣ በጫማ፣ በጡብ ስባሪ። ኢንስፔክተሯ እየተንፏቀቀች ደረሰችና ሽጉጧን ወደ ሰማይ ተኩሳ ላዩ ላይ ወደቀች። ለእሱ የተሰነዘረ እግር ጎኗን አገኛት።

«በቃ!» አለች። «ይናገር! ከሞተ ማን ይናገራል?»

ሐኪሙ ደም ተፋ። ዓይኑ የሚያየው እሷን ሳይሆን መካኒኮቹን ነው።

«መለዋወጫ አልነበረም» አለ። «‹አንድም መኪና እንዳይቆም› ያለኝ እሱ ነው። እየለመንኩ ነው የደፈንኩት። ዘጠኝ ሰው ሲሞት ‹ሾፌሩ ነው እንበል› ተባባልን። አሁን ቦርድ መጣና ሰውዬው ንጹሕ ልሁን አለ። ‹አብረን እንናገር› አለኝ። እሱ እኮ ዳይሬክተር ነው፤ ይቅርታ ጠይቆ ቤቱ ይገባል። እኔ ግን...» ሳል አቋረጠው። «መኪናው ስር ገብቶ ብሎኑን በጣቱ አሳየኝ። በእግሩ ጎትቼ አወጣሁትና ከሰማያዊዎቹ ዕቃ ቤት ባነሳሁት መፍቻ መታሁት። ያቺን የተቆረጠች ጣቱን እያነሳ ይለምነኝ ነበር። እስኪያቆም መታሁት። ከዚያ ጎትቼ ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኩት።»

የተፈነከተው መካኒክ በእጁ የያዘውን ጡብ ጣለ።

ሐሙስ ቦርዱ ተቀመጠ። መብረቅ ያለ ፊት ጥርስ ወንበሩ ላይ ተሰየመ፤ አንዳንድ ሰዎቹ ግቢው ውስጥ ምራቃቸውን ተፉበት፤ አንዳንዶቹ አቀፉት። ኢንስፔክተሯ ግን እዚያ አልነበረችም። ትከሻዋን ታስራ፣ ክንዱ በጄሶ የተጠቀለለውን ሳጅን አስከትላ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄዳለች።

ሁሉንም ነገረቻት። ብሎኑን፣ ቱቦውን፣ ውሸቱን። ሴትየዋ አላለቀሰችም። የምትሰፋውን ልብስ አጠፈች፤ ዘረጋች፤ እንደገና አጠፈች።

«ባልሽ ንጹሕ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦታል።»

«ለእኔ ነው የሚነግሩኝ?» አለች ሴትየዋ። «እኔማ የባሌን አነዳድ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አውቃለሁ።» ተነሳችና ሻርፗን ለበሰች፤ ልጇን በእጇ ያዘች። «መስኮቴን የሰበረው ከፊት ለፊት ያለው ነው። ውሃ አትቀጂ ያለችኝ ከእሱ ቀጥላ ናት። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አለ፤ ከዚያ ባለ ሱቁ። ይምጡ፤ ለነሱ ይንገሯቸው።»

ሳጅኑ ሰዓቱን ሊያይ ሲል ኢንስፔክተሯ ገላመጠችው።

መንገዱን አብረው ተሻገሩ። ሴትየዋ ወደ ኋላ ቀረት አለች፤ ልጅቷ ግን ከፊት ሆና የጎረቤቱን በር በጡጫዋ መታችው። ከውስጥ «ማነው?» የሚል የወንድ ድምፅ መጣ።

ኢንስፔክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ፖሊስ ነው» አለች። «ይውጡ፤ ስለ ጎረቤትዎ የምነግርዎ አለኝ።»